አማቱ በሦስተኛው ረድፍ

መምህሩ የድጋሚ ተፈታኞችን ክፍል የያዘው ወዶ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ሒሳብ ብቻ የጣላቸውን አዋቂዎች ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚያስተምር ሰው ሲፈለግ፣ የሒሳብ ክፍሉ ባልደረቦች በየተራ ምክንያት አቀረቡ። አንዱን ወገቡን ያመዋል፣ አንዷ ልጇን ከትምህርት ቤት የሚያመጣላት የለም፣ የሌላው ቤት ሩቅ ነው። እሱ ምን ምክንያት ልስጥ ብሎ ሲያስብ ስሙ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ አደረ። «አንተ ትዕግሥት አለህ» አሉት ርእሰ መምህሩ። ትዕግሥት ያሉት ድካሙን ነበር። የደከመ ሰው አይቆጣም፤ የማይቆጣ ሰው ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ታጋሽ ይመስላል።

ከዚያ ወዲህ ዓመት በመጣ ቁጥር ያው ነው። ከሥራ በቀጥታ የመጡ ሰዎች ለልጆች በተሠራ ዴስክ ውስጥ ጉልበታቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ። እሱ ያንኑ እኩልታ ያንኑ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ከፊሎቹ ይወድቁና በሚቀጥለው ዙር እዚያው ዴስክ ላይ ይገኛሉ። ሚስቱ «እንዴት ዋልክ?» ስትለው «ውኃ ስወቅጥ» ይላታል። ውኃ ቢወቅጡት ያው እንቦጭ ነው።

አዲሱ ዙር የተጀመረ ዕለት ዝናብ ነበር። እርጥብ ዣንጥላውን በሩ ጥግ አቁሞ ሲገባ እንደ ልማዱ የሚያውቃቸውን ፊቶች ፈለገ። ጣቶቿ በፀጉር ቀለም የጠቆሩት ፀጉር ሠሪ ተመልሳ መጥታለች። የመጋዘኑ ጥበቃ ከነዩኒፎርሙ ግድግዳውን ተደግፎ ገና ከአሁኑ ዓይኑ ይከደናል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብለው የተቀመጡ ሴት አሉ። አማቱ ናቸው።

ጠዋት እኮ አብረው ሻይ ጠጥተዋል። አንድ ቤት ነው የሚኖሩት፤ እሱና ሚስቱ በአንዱ መኝታ ክፍል፣ እሳቸው ከጎን ባለው። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለሚያፈሰው ጣራ አወሩ፤ ስለ ሒሳብ ግን ቃል አልተነፈሱም።

ስም እየጠራ የእሳቸው ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጠራቸው።

«አቤት» አሉ።

ቤት ውስጥ ሲጠራ «አቤት» የሚለው እሱ ነው። በአማቱ አፍ አቤት መባል እንዲህ ይከብዳል ብሎ አስቦ አያውቅም። ቀጣዩን ስም ዘሎ ከሱ በታች ያለውን ጠራ፣ ተመልሶ ደግሞ የዘለለውን ጠራ፣ ከዚያ ጠመኔ ፈልጎ ኪሱን ዳበሰ። ጠመኔው እጁ ላይ ነበር።

ትምህርቱ ሲያልቅ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አብረው ቆሙ። ዣንጥላው አንድ ስለነበር ወደ እሳቸው አዘነበለው፤ እሱ በአንድ ትከሻው ረጠበ።

«እማማ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ብነግርዎ ምን ሊያደርጉ ነበር?»

መምህሩ ዣንጥላውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ።

«እዚያ እርስዎ መምህር ነዎት» አሉት። «አማችነቱን ቤት ትተውት ይምጡ። እኔም አማትነቱን ትቼው ነው የመጣሁት።»

አውቶቡሱ ሲመጣ ከፊቱ ካለው ወንበር ተቀመጡና እስኪወርዱ ድረስ ዞር ብለው አላዩትም።

አማቱ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ነው የሚሉት። መጀመሪያ ላይ አክብሮት መስሎት ደስ ብሎት ነበር። ኋላ ሚስቱ ናት የነገረችው፤ «እማዬ የቀረባትን ሰው አንተ ነው የምትለው። እርስዎ ያለችው ሰው ገና በር ላይ ነው» አለችው። ይኸው ዓመታት አለፉ፣ አብረው አንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፣ እሱ አሁንም በር ላይ ነው።

ሚስቱ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ከበሽተኛ ጋር ስትጨቃጨቅ ስለምትውል ቤት ስትገባ ክርክር አትወድም። ያን ዕለት ግን ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ያዛት።

«ታውቂ ነበር?»

«እንዳትነግሪው ብላ አስምላኛለች። ምን ላድርግ? በእናትና በባል መሃል ያለ ሰው አፉን ቢዘጋ ነው የሚሻለው።»

ከዚያ ነገረችው። አማቱ የመዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ናቸው። በወጣትነታቸው የማጠናቀቂያ ፈተናውን ሲፈተኑ ሁሉንም አልፈው ሒሳብ ብቻ ቀረቻቸው፤ ድጋሚ ሊፈተኑ ሲሉ ደግሞ አረገዙ። «ከእኔና ከሒሳብ አንዳችንን ምረጪ ተባለች፣ እኔን መረጠች» ብላ ቀለደች ሚስቱ። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልጅ ሲያስተኙ፣ ሲያበሉ፣ አፍንጫ ሲጠርጉ ኖሩ። አሁን ግን አዲስ መመሪያ መጥቷል። ሰርተፊኬቱ ያልተሟላ ሠራተኛ ከልጆች ክፍል ወጥቶ ወጥ ቤት ወይም እጥበት ይመደባል።

«ሒሳብ ለአፍንጫ መጥረግ ምን ያደርጋል?» አለ መምህሩ፣ የራሱን ሥራ ረስቶ።

«እሱን አንተ ንገረን እንጂ» አለችው።

ክፍል ውስጥ አማቱን ምን እንደሚያደርጋቸው ጨነቀው። ሌላውን ተማሪ ሁሉ እየጠራ ሰሌዳ ላይ ያሠራል፤ ሦስተኛው ረድፍ ጋ ሲደርስ ዓይኑ ይዘላል። በዴስኮቹ መሃል ሲዘዋወር ሥራቸው ላይ ስሕተት ካየ «ጥሩ ነው፣ ትንሽ ደግመው ቢያዩት» ብሎ ያልፋል። የሚስቱን እናት ሰው ፊት «ተሳስተዋል» ሊል ምላሱ እምቢ አለው። እሳቸውም እጃቸውን አያወጡም። ያልገባቸውን የሚጠይቁት አጠገባቸው ያለችውን ፀጉር ሠሪ ነው፤ እሷ ደግሞ ከእሳቸው የባሰች ስለነበረች፣ ዕውር ዕውርን ሲመራ ሆኖ ሁለቱም ተያይዘው እዚያው ጉድጓድ ይገባሉ።

አንድ ቀን ፀጉር ሠሪዋ «ቲቸር፣ ይሄ ኤክስ የሚባለው ሁልጊዜ ይጠፋል፣ ሁልጊዜ እኛ እንፈልገዋለን። እሱ አንድ ቀን እንኳ አይፈልገንም?» ብላ ክፍሉን አሳቀች።

«የኔም ባል እንደዚሁ ነበር» አሉ አማቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያውም ተገኝቶም ዋጋው አይታወቅም።»

ጥበቃው እንኳ ነቅቶ ሳቀ። መምህሩ ግን በሟች የሚስቱ አባት ላይ መሳቅ ይፈቀድለት አይፈቀድለት ስላላወቀ፣ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ከዋናው ፈተና በፊት የመለማመጃ ፈተና ሰጣቸው። ወረቀቶቹን መምህራን ማረፊያ ክፍል ቁጭ ብሎ ሲያርም የአማቱ ወረቀት እጁ ገባ። የእጅ ጽሑፋቸው የሚያምር ነው፤ ፊደሉ ሁሉ ተሰልፎ የቆመ ይመስላል። መልሱ ግን ስሕተት ነው። ሦስት ኤክስ ሲደመር አምስት እኩል ይሆናል አሥራ ሰባት፤ ኤክስን ፈልጉ ይላል ጥያቄው። አምስቱን በትክክል ቀንሰው ሦስት ኤክስ አሥራ ሁለት መሆኑን አግኝተዋል፤ ከዚያ በኋላ ኤክስ ዘጠኝ ነው ብለዋል። በሌላው ጥያቄም እንደዚያው። አንዱ ጥያቄ ሥር ሁለት መስመር ሠርተው፣ ከታች በደቃቁ «ከዚህ ወዲያ ደከመኝ» ብለው ጽፈውበታል።

መምህሩ ፈገግ አለ። ቀይ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ዓይኑን አሸ። የጠዋቷ የአማቱ ሳል ታወሰችው፤ ደረጃ ሲወጡ የሚይዙት ጉልበታቸው ታወሰው። ለሙከራቸው ትንሽ ማርክ ሰጠ። ለጽሑፋቸው ጥራት ትንሽ ጨመረ። እንዲህ እያለ ወረቀቱ መጨረሻ ሲደርስ አማቱ አልፈዋል። ማበረታቻ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። ሰው ሞራል ካገኘ ይሠራል።

አማቱም ሞራል አገኙ። በዚያ ሳምንት ሳህን ሲያጥቡ ሲያንጎራጉሩ ሚስቱ ሰምታ ተገረመች። መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ደግሞ የልጆች ልብስ መተኮሻ ክፍል ክፍት ቦታ ነበረ፤ ቁጭ ብሎ የሚሠራ፣ ጉልበት የማይጠይቅ። ኃላፊዋ አስበውላቸው «ፈተናው ባይሳካ እንኳ እዚህ ላስቀምጥሽ፤ አሁን ካልያዝሽው ግን ይሄዳል» አሏቸው። አማቱ «ግድ የለም፣ ለሰው ይስጡት፤ እኔ አልፋለሁ። ሞክሬ አይቼዋለሁ» አሉ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

የዋናው ፈተና ውጤት በስልክ መጣ። ሚስቱ አነበበችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።  አማቱ ለጥቂት ቢወድቁ ደግ ነበር፤ እሳቸው ግን የወደቁት ከማለፊያው ነጥብ በጣም ርቀው ነው። ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። በሩ ጓ ብሎ ቢዘጋ ለመምህሩ ይሻለው ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ወጥ ቤት ተመደቡ። ከልጆቹ ክፍል ግድግዳ ማዶ ነው፤ ድምፃቸው ይሰማል። ትልልቅ ድስት እያነሡ፣ እየፈተጉ፣ ወለል እየጠረጉ ይውላሉ። ቤት ሲገቡ እጃቸው በሳሙና ተልጦ ወንበር ላይ እንደ ጆንያ ይወድቃሉ። ለአዲሱ ዙር ግን ተመዘገቡ። 

ትምህርቱ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው አማቱ ፀጉራቸውን ሊሠሩ ፀጉር ሠሪዋ ዘንድ ሄዱ። እሷም ወድቃ ነበር። የድሮ ወረቀቶቻችንን እያየን እንለማመድ ተባብለው የመለማመጃ ፈተናውን ጎን ለጎን ዘረጉት።

በዚያ ምሽት መምህሩ ብርጭቆ ሲያጥብ አማቱ ወጥ ቤት ገቡ። ሁለት ወረቀት ይዘዋል። ከብርጭቆዎቹ አጠገብ አስቀመጧቸው።

«እስቲ ሁለቱን አይተህ ንገረኝ።»

አይተህ። መምህሩ ብርጭቆውን ከነሳሙናው ይዞ ቀረ። ስንት ዓመት የጠበቀው ቃል በዚህ ድምፅ ይመጣል ብሎ አልጠበቀም።

«ይቺ ልጅ ዘጠኝ ብላለች፤ ዜሮ አገኘች። እኔ ዘጠኝ ብያለሁ፤ ማርክ አገኘሁ። የኔ ዘጠኝ ከሷ ዘጠኝ በምን ይበልጣል?»

«እማማ...»

«አዘንክልኝ?»

«ላበረታታዎት ፈልጌ ነው።»

«ማበረታታትና ማታለል!» አሉ። «ለካ ሁለቱም በ'ማ' ነው የሚጀምሩት።»

ሚስቱ ድምፅ ሰምታ በሩ ላይ መጣች፤ የሁለቱን ፊት አይታ እዚያው ቆመች።

«እኔ ደካማ መሆኔን ባውቅ መተኮሻ ክፍሉን እይዝ ነበር። ቁጭ ብዬ እተኩስ ነበር» አሉ አማቱ። አልጮኹም፤ ለመጮኽ የሚሆን አቅም አልነበራቸውም። «የመዋዕለ ሕፃናቱን ኃላፊ ሰው ፊት አልፋለሁ ብያት መጣሁ። አሁን ድስት ስፈትግ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች፣ እኔ እንዳላፍር ብላ። ሁላችሁም ታዝኑልኛላችሁ። ማን እዘኑልኝ አለ?»

መምህሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ይቅርታ ሊል ፈለገ፤ ቃሉ ግን ለነገሩ አነሰበት። «አጥፍቻለሁ» አለ በመጨረሻ።

«አጥፍተሃል» አሉ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሁለቱን ወረቀቶች አጣጥፈው ያዙ። «አሁን ስሳሳት ተሳሳትሽ ትለኛለህ ወይስ ሌላ መምህር ልፈልግ?»

«እላለሁ።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት።»

ትምህርት በተጀመረ ዕለት ገና ስም ሳይጠራ አማቱ ተነሥተው ቆሙ። «ልጆቼ፣ ስሙኝ። ይሄ መምህር የልጄ ባል ነው። ካሁን በኋላ ያልሠራሁበት ማርክ ከሰጠኝ ንገሩኝ።»

 ከዚያ ጥበቃው ከኋላ «ቲቸር፣ እኔም እኮ ሴት ልጅ አለችኝ፤ ቀደሙኝ እንጂ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፀጉር ሠሪዋ ወረቀት በተመለሰ ቁጥር የአማቱን ከራሷ ጋር ታስተያያለች፤ አማቱ በግማሽ ማርክ እንኳ ከበለጧት «ቲቸር፣ ዝምድና ሸተተኝ!» ትላለች።

መምህሩ ቃሉን ጠበቀ። በሁለተኛው ሳምንት አማቱን ሰሌዳ ላይ አወጣቸው። ያንኑ ዓይነት ጥያቄ ሰጣቸው። ጻፉ። «ተሳስተዋል» አላቸው። አጠፉና እንደገና ጻፉ። «ተሳስተዋል።»  ሦስተኛ ጊዜ ጽፈው ዞረው ሲያዩት ፊቱ ላይ መልሱን አነበቡና ራሳቸው አጠፉት። ጠመኔ ኮታቸው ላይ በኖ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። አውቶቡስ ውስጥ ወደ መስኮቱ ዞረው ተቀመጡ። መምህሩም ተሳስተዋል ማለት ቃሉን መጠበቅ እንጂ ማስተማር እንዳልሆነ ሆዱ እያወቀው ነበር።

ቤት ሲገቡ ሚስቱ የእናቷን ፊት አየች፤ እናቷ መኝታ ክፍል እስኪገቡ ጠበቀችና ጀመረችው።

«እናቴን ሰሌዳ ላይ አቆምካት?»

«ራሳቸው ናቸው ያሉኝ።»

«ተሳሳትሽ በለኝ አለችህ እንጂ ግደለኝ አለችህ? ቀኑን ሙሉ ድስት ስታነሣ የዋለች ሴት!»

«እኔስ ምን ስሠራ ዋልኩ?» አለ መምህሩ። ሊጮኽ አስቦ ነበር፤ ሲወጣ ግን የልመና ድምፅ ሆነ። ሚስቱ አየችው። አጠገቡ ተቀመጠች። ሁለቱም እዚያው ሶፋው ላይ ደርቀው ቀሩ፤ ራት የሚያሞቅ ጠፋ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። አማቱ በረንዳው ላይ ልብስ ሲያጣጥፉ መምህሩ ወረቀትና እርሳስ ይዞ አጠገባቸው ተቀመጠ። ያንን ጥያቄ ጻፈው።

«እማማ፣ ሦስት ኤክስ አሥራ ሁለት ነው ብለው እስከዚህ ደርሰዋል። ልክ ነው። ከዚህ በኋላ ምን አሰቡ?»

አማቱ በጥርጣሬ አዩት። «ልትስቅብኝ ነው?»

«ለመሳቅም አቅም የለኝም።»

ይህ ሳያሳምናቸው አልቀረም። ወረቀቱን ሳቡት። «ይሄ ሦስት ከኤክስ ላይ ይነሣል። ወደዚህ ማዶ ይሻገራል። ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል፣ ነጌቲቭ ይሆናል። አሥራ ሁለት ላይ ሦስት ሲነሣ ዘጠኝ። ሌላ ምን አለው?»

«ሲሻገር ይቀየራል ያለዎት ማነው?»

«አንተ ነህ እንጂ!» አሉ። «በየቀኑ ትለው የለ? ቁጥር የእኩል ምልክቱን ድልድይ ሲሻገር ይቀየራል እያልክ?»

መምህሩ እርሳሱን አስቀመጠ። እውነታቸውን ነው። በየክፍሉ፣ በየዓመቱ ይለዋል፤ እሱንም ያስተማሩት መምህር እንደዚያው ብለውት ነበር። እሱ ሲሰማው ግን ሦስቱ ኤክስን እንዳባዛው፣ የሚለቀውም በማካፈል እንደሆነ ገብቶት ስለነበረ ዓረፍተ ነገሩ አልጎዳውም። ሌላው ሰው ግን የሚሰማው ዓረፍተ ነገሩን ብቻ ነው። የፀጉር ሠሪዋ ዘጠኝ ታወሰው። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ ስማቸው የጠፋው፣ ቀይ ኤክስ እያደረገ የመለሰላቸው ሰዎች ወረቀት ታወሰው። ስሕተቱን ቆጥሮ ማርክ ሲቀንስ እንጂ ከየት መጣ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ለመጠየቅ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜ ለማግኘት ደግሞ ደህና መተኛት።

«ምነው ዝም አልክ?» አሉት።

«ከመጀመሪያው መጀመር ሊኖርብን ነው።»

«የት ድረስ?»

«እኩል ይሆናል እስከሚለው ምልክት ድረስ።»

አማቱ የያዙትን አንሶላ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተነፈሱ። «እንግዲህ ምን ይደረግ» አሉ።

ማክሰኞ ዕለት ለክፍሉ ነገራቸው። ድልድይ የሚባል ነገር የለም፣ የሚሻገር ነገርም የለም፤ እስካሁን ያልኩት ሰዎችን አሳስቷል አለ። በዚህ ወገን ያደረጋችሁትን በዚያም ወገን ታደርጋላችሁ፤ ሌላ ሕግ የለም። ጥበቃው እጁን አውጥቶ «ታዲያ ያለፈውን ዓመት ማን ይመልስልን?» ሲል የቀልድ ድምፅ አልነበረውም። መምህሩ ሰሌዳውን አጥፍቶ ከእኩል ምልክቱ ጀመረ። ትምህርቱ ተጓተተ። የለመዱትን ማስረሳት አዲስ ከማስተማር ይከብዳል። አንድ ሳምንት የገባቸው በሚቀጥለው ይጠፋቸዋል። አማቱ ከወጥ ቤት ቀጥታ ስለሚመጡ አንዳንድ ቀን እርሳስ እንደያዙ ያንቀላፋሉ፤ ፀጉር ሠሪዋ በክርኗ ትነካቸዋለች።

«አይዞዎት እማማ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«የኔስ እንቁላል ሳይሄድ ሊሰበር ነው።»

ፈተናው የተሰጠ ዕለት መምህሩ ሌላ አዳራሽ ውስጥ ፈታኝ ስለነበረ ሚስቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ እናቷን ደጅ ላይ ጠበቀች። ሰው ሁሉ ወጥቶ አዳራሹ ባዶ ሊሆን ሲል አማቱ ብቅ አሉ።

«እንዴት ነበር እማዬ?»

«አትጠይቂኝ። መጀመሪያ ጫማዬን ላውልቅ።»

መንገዱ ዳር ግንቡ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ። እግራቸው አብጧል። ሚስቱ ተንበርክካ እግራቸውን ስታሽ አላፊ አግዳሚው ያያቸው ነበር፤ ሁለቱም ደንታ አልሰጣቸውም።

አለፉ። ልክ ማለፊያው ነጥብ ላይ፣ አንዲት ማርክ ቢጎድል የሚቀር ማለፍ ነው። ሚስቱ ውጤቱን ስታነብ እልል ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ አማቱ «ቆይ» አሏት። «የዚያችስ ልጅ?»

ፀጉር ሠሪዋ ወድቃለች። ለጥቂት።

አማቱ ያኔውኑ ኮታቸውን ደርበው ወጡ። መምህሩ ተከተላቸው። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ደንበኛ አልነበረም፤ ልጅቷ ማድረቂያው ሥር ያለው ወንበር ላይ ራሷ ተቀምጣለች። ስታያቸው ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እማማ፣ እኔኮ የእርስዎን ማርክ ስቆጣጠር ነው የወደቅኩት» አለች፤ ቀልዱን ሳትጨርስ እንባዋ ቀደማት። አማቱ ራሷን ወደ ሆዳቸው አስጠግተው ያዙ።  መምህሩ መጥረጊያ አይቶ ወለሉ ላይ የቀረውን ፀጉር ጠረገ፤ ሌላ የሚያደርገው ነገር አልታየውም።

መዋዕለ ሕፃናቱ ሰርተፊኬቱን ተቀብሎ ፋይል አደረገው። ኃላፊዋ ደስ ብሏቸው እጃቸውን ጨበጡ፤ ግን በልጆቹ ክፍል ሌላ ሞግዚት ገብታለች፣ ቦታ እስኪለቀቅ ጠብቂ አሏቸው። አማቱ ወጥ ቤት ሆነው ጠበቁ። ክረምቱ ሲወጣ ጨቅላዎቹ የሚተኙበት ክፍል ያለችው ሞግዚት ጡረታ ወጣችና እሳቸው ገቡ። ደመወዙ ያው ነው። የሚያነሡት ድስት ቀርቶ የሚያነሡት ሕፃን ሆነ፤ «ሕፃን ቢያንስ ሲያነሡት ያቅፋል» አሉ። የመጀመሪያው ቀን ማታ ራት ሳይበሉ ተኙ።

አንድ እሑድ መምህሩ እስኪበቃው ልተኛ ብሎ ሳለ ከሳሎን ድምፅ ሰምቶ ብቅ አለ። ፀጉር ሠሪዋና አማቱ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግተዋል። ልጅቷ ልትነሣ ስትል አማቱ በእጃቸው መልሰው አስቀመጧት።

«አንተ ተመለስና ተኛ» አሉት። «ፊትህን አይተኸዋል?»

አላየውም። ተመልሶ ተኛ። ከግድግዳው ማዶ ሁለቱ ሴቶች በዝግታ ሲከራከሩ፣ አንዷ ስትስቅ፣ ወረቀት ሲገለበጥ ይሰማዋል። ምን እንደሚሉ ለመለየት ሳይሞክር እንቅልፍ ወሰደው።

ሲነቃ ፀሐዩ ወለሉ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅቷ ሄዳለች። አማቱ የጨቅላዎቹን ክፍል መጋረጃ ይዘው መጥተው ጠርዙን እየሰፉ ነው፤ ሚስቱ ክር ታስገባላቸዋለች።

«እኩልታው ገብቷታል» አሉ አማቱ መርፌውን ሳይለቁ። «ክፍልፋይ ላይ ግን ታስቸግራለች። ማክሰኞ ከዚያ ብትጀምርላት።»

«እሺ እማማ» አለ መምህሩ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና የቀረ ሻይ እንዳለ ጠየቀ።